ትልቁን ያለው ባሌ ነው

ባሌ ያረጋል ደላላ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ሐኪሙን ብቻ እንዳይረግምልኝ ብዬ ነው። መተማ ውስጥ በሰሊጥ ሻጭና በሰሊጥ ገዢ መሐል ቆሞ፣ ለአንዱ ጆሮ አንድ ነገር፣ ለሌላው ጆሮ ሌላ ነገር እያለ የሚኖር ሰው ነው። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ ላይም ስሙን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሥራው ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ የምትፈልገውን ነገር መጀመሪያ አትናገርም፤ ከፍ አድርገህ ትጠራለህ፣ ያኛው ዝቅ ያደርጋል፣ መሐል ላይ ትገናኛላችሁ። ሁለተኛው፣ ያኛው ሰው ገና በመጀመሪያው ቃልህ «ኸላስ» ካለህ ነገሩ አልቋል፤ እያንገበገበህም ቢሆን እጁን ጨብጠህ ትሄዳለህ። ቃሉን ያጠፈ ደላላ ድንበሩ ላይ የሚያናግረው ሰው አያገኝም።

ይህን ሕግ ካገባሁት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንጀራችንም ስለሆነ ተቃውሜው አላውቅም። አንድ ቀን በገዛ ደረቴ ላይ ይሠራበታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ግራ ጡቴን የቆረጡት ጎንደር ነው። እብጠት ወጣበት፣ ከረመ፣ ደነደነ፤ ሐኪሞቹም ካልወጣ ይገድልሻል አሉኝ። ወጣ፤ እኔም ዳንኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ ከማንም ጋር ጸብ የለኝም። ጸቤ ከዚያ በኋላ ከመጣው ጋር ነው። ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ወሬ የሚያወሩት ከፊቴ ጋር ሳይሆን ከቀሚሴ ጋር ነበር። አንዷማ እያለቀሰች «እንዲያው ባልሽ ምን አለ?» አለችኝ። የተቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሚታዘንለት እሱ ሆነ።

ከአሮጌ ነጠላ ላይ ከረጢት ሰፍቼ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ በጡት መያዣዬ ውስጥ እሸጉጠው ጀመር። ጥጥ ቀላል ነው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሰሊጥ ለማጨድ ስጎነበስ ወደፊት ይወድቃል፣ ስቀና ወደ ብብቴ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ስብሰባው ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሴቶች ማኅበር በየሳምንቱ ይሰበሰባል። ስብሰባ ካለ መፈክር አለ፤ መፈክር ካለ ግራ እጅ ይነሣል። ግራ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ጠባሳው ይወጥረኛል፤ ከረጢቱም ሽቅብ ወጥቶ አንገቴ ሥር ቁጭ ይላል። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ ቀኝ እጄን አነሣሁ። ከሸሕዲ የመጣው ካድሬ በሰው ፊት አስቁሞ፣ ቀኝ እጅ የማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ቀኝ እጅ የእኔ እጅ ነው ልለው ምንም አልቀረኝ። ግራዬን አነሣሁ። ከረጢቱ ወጣ፤ ሴቶቹ ሁሉ አዩ፤ ካዩም በኋላ እንዳላየ ሰው አቀረቀሩ። እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም ብዬ ነበር፤ ለካ ገና ነው።

ያረጋል ስለ ደረቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አልሰደበኝም፣ አልተቆጣኝም። እንደተሰነጠቀ እንስራ ነበር የሚጠነቀቅልኝ፤ እንጨት ተሸክሜ ሲያየኝ ይቀበለኛል፣ ውኃ እሱ ያስቀዳልኛል፤ እጁን ወደ እኔ ግን አይዘረጋም። ልብስ ስቀይር አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ብድግ ብሎ ይወጣል። እኔም ዝም፣ እሱም ዝም እያልን አንድ አልጋ ላይ ከረምን።

ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከገላባት ሲመለስ ፊቱ በርቶ መጣ። ወሬ ይዟል። ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ ከተማ በየወሩ የሚመጣ፣ እንግሊዝ አገር የተማረ ሐኪም አለ፤ ዶክተር ኸሊል ይባላል። እሳት ያቃጠለውን፣ የእርሻ መኪና የቆራረጠውን ሰው መልክ ይጠግናል፤ ለተቆረጠ ጡትም እንደ ላስቲክ የሚለሰልስ ነገር ከቆዳ ሥር አስገብቶ ይሰፋል። ያረጋል ለነጋዴዎቹ ነግሮ፣ ነጋዴዎቹ ለሐኪሙ ነግረው፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ ሎሪው ተዘጋጅቶ፣ የማርፍበት ቤት ሁሉ ተገኝቷል። ሁሉም ተጠይቋል፤ ያልተጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ተናደድኩ፤ ግን ፈለግሁት። እውነቱን ለመናገር ወሬውን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ለያረጋል ብዬ አይደለም። ቀሚስ ስለብስ ሁለቱ ትከሻዎቼ እኩል እንዲሆኑ፣ ነዶ ስሸከም ወደ አንድ ጎን እንዳልዘም፣ ገላዬን ስታጠብ ወደ ታች ከማየት እንዳልሸሽ ነው። የፈለግሁት እንደ ቀኙ ያለ አንድ ጡት ነው። ቀኙ የሚያኮራ አይደለም፤ ልጄን አሰበችን ያጠባ፣ የቆላ ሙቀት ያላላው፣ ትንሽዬ ጡት ነው። ግን አብሮኝ አርጅቷል፤ አውቀዋለሁ። ግራውም እሱን እንዲመስል ነበር የፈለግሁት፤ ሌላ ሴት መሆን አላማረኝም።

በዚያን ጊዜ ወደ ሱዳን የሚሻገረውን ሰው ሁሉ መንግሥት በኮብላይነት ነበር የሚያየው። እኛ ጠዋት የገበያ ዘንቢል ይዘን፣ ጨው እንደሚገዛ ሰው ወደ ገላባት ገባን፤ ከዚያ ሎሪ ላይ ወጣን። ጆንያ ላይ ተቀምጠን የጥቁር አፈር አቧራ ለብሰን ስንሄድ ነገርኩት። መጠኑን እኔ ነኝ የምናገረው፣ እንደ ቀኙ ነው የምፈልገው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሐኪምም ያው ነጋዴ ነው፣ ከነጋዴ ጋር መነጋገሩን ለእኔ ተዪው አለኝ። እኔ ያለሁትን ሰምቶ ይህን መናገሩ ቢከነክነኝም ሎሪው ሲዘልል ከጆንያው ላይ እንዳልወድቅ ገመዱን ይዤ ነበርና ተውኩት። ያኔ አንገቱን መያዝ ነበረብኝ።

ዶክተር ኸሊል ንጹሕ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ነጭ፣ መነጽሩ ወርቃማ። እኔን መጋረጃ በግማሽ የተሳበበት አልጋ ላይ አስቀመጠኝ፤ ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች መከናነቢያ የለበሰች መጂዳ የምትባል አስታማሚ ቀሚሴን ወደ ወገቤ አወረደችልኝ። ጠባሳውን ተጫነው፣ ቆዳዬን ሳብ ሳብ አደረገው፣ ቀኙን በማስመሪያ ለካው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያወራው ከያረጋል ጋር ነው። እሷ ስንት ወለደች ይለዋል፤ እሷ ስኳር አለባት ይለዋል። አረብኛ ከባሌ እኩል አውቃለሁ፤ ገላባት ገበያ ላይ ነው ያደግሁት። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ያረጋል ቀድሞ ይመልሳል፤ ሐኪሙም የሰማው የእሱን ብቻ ነው።

ከዚያ መጂዳ ሦስቱን በትሪ ላይ አድርጋ አመጣቻቸው። የጠራ ነገር ነው፤ ስትነካው ይንቀጠቀጣል። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ትልቅ ነው። ትሪው የተቀመጠው እኔ ጋ ሳይሆን እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዶክተሩ በእስክሪብቶው እየነካ የትኛውን ትፈልጋላችሁ ብሎ ያረጋልን ጠየቀው።

«ትልቁን» አለ ያረጋል።

ገባኝ። እንደ ገበያው ከፍ አድርጎ መጥራቱ ነው። ትልቁን እንደማይፈልገው አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ይህማ በዛ እንዲለው፣ እሱ ትንሽ እንዲያቅማማ፣ ከዚያ መካከለኛው ላይ እንዲገናኙ ነው። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ መልሱን ይጠብቃል። ሰሊጥ ሲያስማማ የሚያደርገውን ነበር የሚያደርገው።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀና «ኸላስ» አለ።

ቀጥሎም አስረዳ። ጠባሳው የተወጠረ ስለሆነ ይህን የሚያህል በአንድ ጊዜ አይገባም፤ ሁለት ጊዜ መቅደድ ያስፈልጋል። ቀኙም የወደቀና ያነሰ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ እሱንም ከፍቶ የዚሁ ዓይነት ያስገባበታል። ጤነኛውን። ልጄን ያጠባሁበትን፣ ምንም ያልሆነውን ጡቴን፣ የውሸቱን እንዲመስል ይቆርጠዋል ማለት ነው።

ያረጋልን አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሐኪሙን እጅ ጨበጠ።

ቀሚሴን ራሴ ሰብስቤ ወረድኩና ክንዱን ይዤ ወደ በረንዳው አወጣሁት።

«ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«መካከለኛውን ይለኛል ብዬ ነው።»

«መካከለኛውንስ ማን ፈለገው?»

ማን እንደፈለገው አያውቅም። ሁልጊዜ መሐሉ ደህና ነው ብሎ እንጂ፣ መሐሉ ለእኔ ምን እንደሆነ አንዴም አላሰበበት። ግባና ተሳስቻለሁ በለው አልኩት። መሬት መሬት እያየ ቆመ።

«ኸላስ ብሎኛል እኮ፤ እጁንም ጨብጫለሁ። ኸሱ ያገናኙኝ ነጋዴዎቹ ናቸው። ያረጋል ቃሉን አጠፈ ኸተባለ ነገ ኸማን ጋር እሠራለሁ?»

ደሜ ፈላ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ክፉ አይደለም። ግን እዚያ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ እንባ ባረገዘ ዓይን፣ ስሙ ከሚጎድፍ የእኔ ደረት ሁለት ጊዜ ቢቀደድ እንደሚሻል ሊያስረዳኝ ይሞክር ነበር። ምናልባትም ያምርብሻል አለኝ። ብዙ ሴቶች ይመኙታል አለኝ። ራሱ ያልፈለገውን ነገር ለእኔ ሊሸጥልኝ ጀመረ።

«ገበሬ እንኳን አልሸጥም ሲልህ ጆንያውን አስረህ ትመልስለታለህ» አልኩት። «አንድም ሰው ቃል አጠፍህ አይልህም፤ እህሉ የሱ ነው። እኔን ኸገበሬ አሳነስኸኝ ያረጋል።»

እዚያው ትቼው ተመለስኩ።

ዶክተር ኸሊል ለሚቀጥለው በሽተኛ እጁን እየታጠበ ነበር። ባልሽስ አለኝ፤ በቀጥታ ያናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። በአረብኛ፣ ባሌ ውጭ ነው፣ የሚቀደደው ደረት ግን እዚህ ነው አልኩት። ትልቁን አልፈልግም፤ ቀኙንም ማንም አይነካውም። እሱ ደግሞ ከባልሽ ጋር ተስማምተናል፣ በባልና ሚስት መሐል አልገባም፣ ሂጂና ይዘሽው ነይ ይለኛል። ደጋግሜ ብናገር ደጋግሞ ይህንኑ ይለኛል፤ ድምፁን ከፍ እንኳን አያደርግም። እሱ ባልጮኸ ቁጥር የእኔ ድምፅ እየወጣ ሄዶ በረንዳው ላይ የተቀመጡት በሽተኞች ሁሉ መስማት ጀመሩ።

መጂዳ ናት ያዳነችን። ትሪውን አንስታ፣ ዶክተሩ ሌላውን በሽተኛ እስኪያይ ትሞክራቸው አለችና እኔን ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰደችኝ። በር ላይ የተሰቀለ መስታወት አለ። መጀመሪያ ትልቁን በጡት መያዣዬ ውስጥ አደረገችልኝ። መስታወቱ ውስጥ የማላውቃት ሴት ነበረች፤ ግማሽ ጎኗ ሙሽራ፣ ግማሹ እኔ። ጎንበስ ስል ደረቴን ይዞኝ ወረደ። አውጪልኝ አልኳት።

መካከለኛው ግን አማረብኝ። አልዋሽም። ቀሚሱን ሞላው፤ ወደ ጎን ዞሬ አየሁት፤ እንደገና አየሁት። ለአፍታ ያረጋል ልክ ነበር እንዴ አልኩና በራሴ ላይ ተናደድኩ። ከዚያ ቆሞ መታየት ሥራዬ አለመሆኑ ትዝ አለኝ። እኔ አጭዳለሁ፣ እሸከማለሁ፣ በዐቢይ ጾም እሰግዳለሁ። መጂዳን ፈቀቅ በይልኝ አልኳትና ሰሊጥ እንደማጭድ ሆኜ ከወገቤ ታጠፍኩ። የመሬት ማጠቢያ ባልዲዋን አነሣሁ። ወለሉ ላይ ግንባሬን አስነክቼ ሰገድኩ። በተነሣሁ ቁጥር ግራው ቀድሞ፣ ቀኙ ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ትከሻዬም መጎተት ጀመረ። መጂዳ አፏን በቶቧ ይዛ ትስቃለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰግዶ ጡት የመረጠ ሰው አይቼ አላውቅም አለችኝ። እኔም ሳቄ መጣ፤ በዚያን ቀን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ትንሹን አደረግን። ታጠፍኩ፣ ተሸከምኩ፣ ሰገድኩ። ከስግደቱ ስነሣ የተቆረጠው የቱ ጎኔ እንደሆነ ለትንፋሽ ያህል ረሳሁት። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። መጂዳ አመመሽ ወይ አለችኝ፤ አላመመኝም፤ ይህ ነው አልኳት።

መጋረጃውን ከፍቼ ወጣሁና ትንሹን በመዳፌ ይዤ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አየው፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ፈታ አለ።

«ይህማ ቀላል ነው» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምከፍተው፤ ጤነኛው አይነካም። እኔም ብሆን የምመርጠው ይህንኑ ነበር። ሰውዬው ትልቁን ሲል የቤተሰባችሁ ፈቃድ ነው ብዬ እንጂ። ለምን ከመጀመሪያው አልነገራችሁኝም?»

ያረጋል ትልቁን አልፈለገም። ሐኪሙ ትልቁን አልፈለገም። እኔ አልፈለግሁም። ሁለት ወንዶች ሁለቱም የማይፈልጉትን ነገር እኔ ላይ ሊያደርጉ ተስማምተው፣ እጅ ተጨባብጠው ነበር። እንዲህ ያለ ንዴት ምን እንደሚባል አላውቅም።

«መች ጠየቁኝ?» አልኩት።

ያኔም አልጠየቀኝም። ሰዓቱን አየና ወደ መጂዳ ዞሮ፣ ትንሹን ለነገ አዘጋጂልኝ አላት። ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመልሼ ፊቴን ከግድግዳው ጋር አድርጌ አለቀስኩ። ከንዴት ነው፤ ሐዘን እንዳይመስላችሁ።

ሥራውን ግን ይችላል። ሰፋው፣ ደረቀ፣ ያበጠው ጎደለ። ነጋዴዎቹ ባገኙልኝ ቤት ሰንብቼ ስመለስ ቀሚሴ ሁለቱም ትከሻዬ ላይ እኩል ተቀመጠ። ላየኝ ሰው አዲሱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ያረጋል በሐኪሙ ፊት ቃሉን አላጠፈም፤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እንጀራውም አልጎደለም። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። አንድ ቀን ግን ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር ተቀምጦ ሲያወራ በጓሮ በኩል ሰማሁት። ሐኪሙ ትልቁን ይዞ ችክ ብሎበት፣ እሱ ተከራክሮ ተከራክሮ ትንሹ ላይ እንዳወረደው ይተርክላቸዋል። አንተ እኮ ምላስህ ይሉታል። ሰተት ብዬ ገብቼ ላዋርደው አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ለእነዚያ ሁሉ ወንዶች ስለ ደረቴ ማስረዳት አስጠላኝና ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላኮርፈው ውዬ አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሰው በማታስወጣበት ሰዓት፣ ምሳ በልተን ጋደም እንዳልን ያረጋል እጁን ዘረጋ። ጎንደር ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ግራው ላይ አሳረፈው። አዲሱ መሆኑን አስቦት ይሁን ረስቶት እንጃ፤ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። የክንዱ ክብደት ጎድኔን ተጫነኝ እንጂ ቆዳዬ ዝም አለ። ሐኪሙ የመለሰልኝ መጠኑን ነው፤ ሌላውን እመልሳለሁም አላለም።

ዝም ብዬ ልተኛለት ነበር። ደስ ብሎታል፤ ይበቃል አልኩ። ከዚያ ያው ንዴቴ ከሆዴ ተነሣ። እጁን አንስቼ ከደረቴ ላይ አወረድኩት።

«አመመሽ?» አለ ደንግጦ።

«አላመመኝም። እዚያ እኔ የለሁም።»

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ደረቴን፣ ከዚያ ፊቴን አየ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው አንድ ነገር ከፍ አድርጎ ጠርቶ መሐሉን ይፈልግ ነበር፤ ያን ቀን የሚጠራው አጣ። እጁ በመሐላችን አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«እሽ፤ የት ላድርገው?» አለኝ።

ጠየቀኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ትንሽ ይጠብቅ አልኩና ጣራውን ማየት ጀመርኩ።